የከሰል ማዕድንና የያምፓ ወንዝ ዓሣ

የድንጋይ ከሰል ሲነሣ በሐሳባችን የሚመጣው እሳትና ጢስ ነው እንጂ ውሃ አይደለም። ነገር ግን በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት ሰሜናዊ ምዕራብ፣ በያምፓ ወንዝ አገር ለብዙ ዓመታት ሲቆፈር የኖረው ከሰል ብዙ ውሃ ፈጅቷል። አቧራ እንዳይነሣ መንገዱ ይረጫል፤ ወደ ጉድጓዱ የሚሰርገው የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ ይወጣል፤ ከሰሉን የሚያነዱት የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ደግሞ ለማቀዝቀዣ የሚቀዱት ከሁሉ ይበልጣል።

በዚሁ ወንዝ ፓይክሚኖ የሚባል ዓሣ አለ። ጥንት ቁመቱ እስከ 1.8 ሜትር ይደርስ ነበር ይባላል፤ እንግዲህ ከረዥም ሰው ጋር የሚስተካከል ነው። የበረዶው ሙላት ጠጠሩን ከጭቃ አጥቦለት ሲጎድል፣ በሰኔና በሐምሌ፣ አንዳንዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ዋኝቶ መጥቶ በያምፓ ገደል ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። የተፈለፈሉትም ደቃቅ ዓሦች በወራጁ ተገፍተው ጸጥ ወዳለው የግሪን ወንዝ ዳርቻ ይወርዳሉ። በበጋው መጨረሻ ወንዙ ሲቀጥንና ሲሞቅ ግን ከሌላ አገር የመጡ በላተኞች ዓሦች ይበረታሉ።

አንድ ማዕድን የሚወስደው ውሃ ለብቻው ሲታይ ጥቂት ነው። ፈቃዱን የሚፈርመው ሹምም ይህንኑ ጥቂት አይቶ ቢፈርም የሚያስወቅሰው አይመስልም፤ ጭንቁ እያንዳንዱ ጠያቂ «የእኔ ጥቂት ነው» ማለቱ ነው። ፓይክሚኖ እ.ኤ.አ. በ1967 ሊጠፉ ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ ገባ። በ1988 በተመሠረተው የዓሦች ማገገሚያ ፕሮግራም መሠረት ግን የማዕድኑም ውሃ ሳይቀር ከሌላው ጋር ተደምሮ ይታሰባል። ኤልክሄድ በተባለው ግድብም 6 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ለዓሦቹ ተመድቦ ወንዙ በሚቀጥንበት ወራት ይለቀቃል።