ማኅተም ስናይ ምን እንጠይቅ?

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በዕቃ ግዥ ኮሚቴው ስም የተነበበ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ከረጢት ለመናገር ነው። «ከረጢት ለንግግር የሚበቃ ነገር ነውን?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ከሁለት ወር በፊት እንዲሁ እናስብ ነበር። ነገር ግን ይህ ከረጢት ከእናንተ መዋጮ የተጠራቀመውን ገንዘብ ሊበላ ምንም አልቀረውም ነበር፤ ስለዚህ ታሪኩን ልንነግራችሁ ይገባናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2025 እ.ኤ.አ. የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ ካጸደቀ በኋላ፣ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የሚታደል የጨርቅ ከረጢት እንድንገዛ አዘዛችሁን። እኛም ወደ አንድ ነጋዴ ዘንድ ሄድን። ያሳየን ከረጢት ሲዳስሱት ጨርቅ የሚመስል፣ አረንጓዴ ቅጠል የታተመበት፣ ከቅጠሉም ሥር «የተፈጥሮ ወዳጅ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነበር። ከስፌቱ ውስጥ ደግሞ ሦስት ቀስቶች የሚዞሩባት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነበረች፤ በመካከሏም 5 ቍጥር ተጽፏል። ይህን ስናይ ባለሥልጣን መርምሮ ያተመበት መሰለንና ደስ አለን።

ቀብድ ልንከፍል ስንል ከመካከላችን ኬሚስትሪ የሚያጠናው ጓደኛችን ከጠርዙ ጥቂት ቀድዶ ክብሪት ጫረበት። ጥጥ ቢሆን ኖሮ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ በሆነ ነበር፤ ቍራጩ ግን ቀልጦ ተንጠባጠበ፤ ሲበርድም እንደ ዶቃ ጠጠረ። ጨርቅ የመሰለን ነገር ፖሊፕሮፒሊን የሚባል ፕላስቲክ ኖሯል። ይልቁንም ያሳፈረን መልሱ እዚያው ከስፌቱ ውስጥ ተጽፎ መገኘቱ ነው። ያች ባለ ቀስት ሦስት ማዕዘን በ1988 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ያወጣት የዓይነት መለያ ናት፤ 5 ማለት ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው እንጂ፣ ዕቃው ታድሶ ይሠራል ወይም ለአፈር ይስማማል ማለት አይደለም።

ነጋዴውን ውሸታም ብሎ መክሰስ ያስቸግራል። «የተፈጥሮ ወዳጅ» የሚለው ቃል ምንም የተወሰነ ነገር ስለማይናገር ሐሰትነቱን ማስረዳት አይቻልም። የዚህ ዐይነቱ ቃል ጕልበትም እዚህ ላይ ነው። በውጭ አገር ይህን ግሪንዎሽ ይሉታል፤ እኛ «አረንጓዴ ቅብ» ብንለው ይስማማል። ቃሉን በ1986 እ.ኤ.አ. ያመጣው ጄይ ዌስተርቬልድ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ መነሻውም ሆቴሎች በተፈጥሮ ስም እንግዶቻቸውን ፎጣ ደጋግመው እንዲጠቀሙ መለመናቸው ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2020 ያወጣው ጥናት፣ ከተመረመሩት አረንጓዴ አነጋገሮች ውስጥ 53 በመቶው ግልጽነት የጎደለው፣ የሚያሳስት ወይም መሠረት የሌለው መሆኑን ገልጿል።

የሆነ ሆኖ ምልክት ሁሉ አንድ አይደለም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይ.ኤስ.ኦ.) በሦስት ይከፍላቸዋል። አንደኛው፣ ከሻጩ የተለየ አካል አስቀድሞ በታወቀ መመዘኛ መርምሮ የሚሰጠው ማኅተም ነው፤ በ1978 የተጀመረው የጀርመኑ «ሰማያዊ መልአክ» እና በ1992 የተቋቋመው የአውሮፓ ኅብረት የአበባ ምልክት ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው፣ ሻጩ ራሱ ስለ ራሱ ዕቃ የሚናገረው ነው። ሦስተኛው፣ ዕቃው ጥሬው ከሚወጣበት ጀምሮ እስኪጣል ድረስ የሚያደርሰውን ጉዳት በቍጥር የሚዘረዝር፣ እንደ ሒሳብ መዝገብ ያለ ወረቀት ነው። የእኛ ቅጠል ከሁለተኛው ወገን ናት። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የዚህን ከረጢት ስም ያወጣው ግን ሻጩ ነው።

እንግዲህ ማኅተም ስናይ ሦስት ነገር እንጠይቅ። መጀመሪያ፣ ተናጋሪው ማን ነው? ይህን ከላይ አይተናል።

ሁለተኛ፣ የተነገረው ስለ የትኛው ክፍሉ ነው? በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች። «ሲ.ኤፍ.ሲ. የሌለበት» የሚል የተለጠፈበትን ማቀዝቀዣ እንመልከት። ሲ.ኤፍ.ሲ. የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት፣ በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ሳይቀር እስከ 2010 እንዲቆም ተደርጓል። ስለዚህ ዛሬ ይህን መጻፍ «ዳቦዬ አሸዋ የለበትም» ብሎ እንደ መመካት ነው። በምትኩ የሚገባው አር-134ኤ የተባለው ጋዝ ኦዞንን ባይነካም፣ ቢያመልጥ ዓለምን በማሞቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺ ጊዜ በላይ ይበረታል። በ2016 ኪጋሊ ላይ የተደረሰው ስምምነት እንዲህ ያሉትን ጋዞች ለመቀነስ ነው። ማቀዝቀዣው ስለ አጎቱ ተናገረ፤ ስለ አባቱ ግን ዝም አለ።

ሦስተኛ፣ ማን መረመረው? የመንግሥት ማኅተም እንኳ ያለ ምርመራ ባዶ ነው። በ2010 የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በዓለም ላይ የሌሉ 20 ዕቃዎችን ፈጥረው፣ ኃይል ቈጣቢ ለሆኑ ዕቃዎች የሚሰጠውን «ኢነርጂ ስታር» የተባለ ማኅተም ጠየቁ። አሥራ አምስቱ ማኅተሙን አገኙ፤ ከእነዚሁም አንዱ በቤንዚን የሚሠራ የደወል ሰዓት ነበር! ከዚያ በኋላ ነው ዕቃው በገለልተኛ ቤተ ሙከራ እንዲፈተን ግዴታ የሆነው። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያሉት አባቶቻችን በከንቱ አይደለም።

ነገር ግን ጥርጣሬያችን ልክ ይኑረው። ማኅተም የሌለው ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። በአገራችን ብዙ ገበሬ ቡናውን በጓሮው፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ ያለ ኬሚካል ማዳበሪያ ያመርታል፤ ለመርማሪ የሚከፈለው ገንዘብ ግን ለአንድ ገበሬ ይከብዳል። በኅብረት ሥራ ማኅበር ተሰብስበው የሚያስመረምሩትም ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ ከረጢታችን እንመለስ። ፕላስቲኩን ትተን የጥጥ ከረጢት ልንገዛ አስበን ነበር። ነገር ግን የዴንማርክ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2018 ያወጣውን ጥናት አነበብን። በዚያ ጥናት ስሌት የጥጥ ከረጢት በአየር ንብረት ጉዳት ብቻ ከተራው የገበያ ፕላስቲክ ከረጢት ጋር ለመስተካከል ቢያንስ 52 ጊዜ መሥራት አለበት፤ ያ የናቅነው የፖሊፕሮፒሊን ከረጢት ግን 6 ጊዜ ይበቃዋል። እንግዲህ በነጋዴው የተቈጣነው ዕቃው ፕላስቲክ በመሆኑ ሳይሆን፣ ያልሆነውን መስሎ በመቅረቡ ነው። ጥጡም ቢሆን መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ አረንጓዴ አይሆንም።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ የጥጡም የፕላስቲኩም ከረጢት አይገዛ። ሁላችንም ከቤታችን የመጣንበት ከረጢት አለን፤ እስኪቀደድ እንያዘው፤ ሲቀደድም እንስፋው። ገንዘቡ አንድ ሳንቲም ሳይጎድል በሣጥናችን አለ፤ ለአዲስ ገቢዎቹ የመማሪያ መጻሕፍት ይዋል እንላለን። ፍርዱ ግን የእናንተ ነው፤ የእኛንም ቃል ቢሆን ሳትመረምሩ አትቀበሉ።