የፊልም ዕቁብ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ስብሰባ ፊት ቆመን እንድንናገር ለፈቀደልን ለማኅበራችን ኮሚቴ ምስጋናችንን እናቀርባለን። ልንናገር የመጣነው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ጥቂት ተማሪዎች በየሳምንቱ ሐሙስ ማታ እየተሰበሰብን የማናውቀውን ፊልም ስለ ማየታችን ነው። ነገሩ ትንሽ ቢሆንም ያስተማረን ትምህርት ግን ትንሽ አይደለም። በመጨረሻውም የምንለምናችሁ ጉዳይ ስላለን ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡን እንጠይቃለን።

በአዲስ አበባ ፊልም ይታይበት የነበረውን የመጀመሪያውን ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎት እንደ ነበር ይነገራል። ይህን በሰማን ቁጥር እንስቃለን። ነገር ግን በጨለማ ቤት ውስጥ፣ በግድግዳ ላይ የሚራመድ ሰው አለ ሲባሉ አባቶቻችን ቢደነግጡ ምን ያስቃል? ይልቅስ የሚያስቀው የእኛ ነገር ነው። እኛ የማናውቀውን ፊልም ሰይጣን አንለውም፤ «አሰልቺ ነው» እንለዋለን። እነሱ ሳይገቡ ፈረዱ፤ እኛም ሳናይ እንፈርዳለን። ልዩነቱ እነሱ የፈሩትን እኛ መናቃችን ብቻ ነው።

የሥራው አጀማመር እንዲህ ነው። ባለፈው ጥቅምት አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ተቀምጠን በሕይወታችን ያየናቸውን ፊልሞች መቁጠር ጀመርን። ከመቶ በላይ የቆጠሩ ነበሩ። ቈጠራው ሲያልቅ ግን ሁሉም በአራት ከረጢት ገባ፤ ጠመንጃ የሚተኰስበት የአሜሪካ ፊልም፣ ዘፈን የበዛበት የሕንድ ፊልም፣ በአማርኛ ድምፅ የሚቀርበው የቱርክ ድራማ፣ በመጨረሻም በሠርግ የሚያልቀው የአገራችን የፍቅር ፊልም። እነዚህን አንነቅፍም፤ አድገንባቸዋል። ነገር ግን ከአገራችን ሌላ ከአፍሪካ አንድ ፊልም ስንኳ ያየ ከመካከላችን አልተገኘም። ስለ አፍሪካ አንድነት በክርክር ክበብ ሦስት ጊዜ የተናገረው ጓደኛችን እንኳ አላየም። ያን ጊዜ አፈርን።

ስለዚህ ዕቁብ ጣልን። የምንጥለው ገንዘብ አይደለም፤ ማታችንን ነው። የሁላችንም ስም በወረቀት ተጽፎ በአንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ገባ። ዕጣ የወጣለት ለሚቀጥለው ሐሙስ ፊልም ያመጣል። ሕጋችን ሦስት ነው። አንደኛ፣ ፊልሙ አምጪው ጭምር ማንም ያላየው ይሁን። ሁለተኛ፣ ሳያልቅ ተነሥቶ የሚወጣ አይኑር። ሦስተኛ፣ ካለቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ «ወደድሁት» ወይም «ጠላሁት» ማለት ክልክል ነው። ሕግ ያፈረሰ ለሁሉም ሻይ ይገዛል። ፊልሙ ከአንሶላ በተሠራ መጋረጃ ላይ ይታያል፤ ከሥዕሉ ግርጌ የሚያልፈው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለሁሉ እኩል ስለማይገባ አንዳችን በተራ በአማርኛ እየመለስን ጮኸን እናነብባለን።

እስከ ዛሬ ሃያ ሁለት ሳምንት ሆኖናል። በሁለቱ በፈተና ምክንያት አልተሰበሰብንም፤ በሁለቱ ደግሞ መብራት ጠፋብን። ስንጀምር ዐሥራ አራት ነበርን፤ ዛሬ ዘጠኝ ነን። ይህንን የምንደብቅበት ምክንያት የለንም። ካየናቸው ውስጥ ጥቂቶቹን ብቻ እናንሣ፤ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን።

በሦስተኛው ሳምንት የደረሰን የጃፓኑ የአኪራ ኩሮሳዋ «ራሾሞን» ነበር። በ1950 ተሠርቶ በሚቀጥለው ዓመት በቬኒስ የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት ያገኘ ነው። በጫካ ውስጥ አንድ ባለ ሰይፍ መኰንን ሞቶ ተገኝቷል። ሽፍታው ይመሰክራል፤ ሚስቲቱ ትመሰክራለች፤ ራሱ ሟቹም መንፈስ በሚወርድባት ሴት አፍ ይመሰክራል። ይህን ትርጉም ስናነብ «ባለ ዛር» ብንል ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም። የሚገርመው ሦስቱም ሞቱን ወደ ሌላ አለመግፋታቸው ነው፤ እያንዳንዱ በእኔ እጅ ሆነ ወደሚል ያዘነብላል። ልክ በዚህ ላይ መብራት ጠፋ። ሳምንቱን ሙሉ በመመገቢያ አዳራሽ ተከራከርን። የሕግ ተማሪው «ሽፍታው አምኗል፤ ምን ቀረ?» አለ። ሌላው ለሚስቲቱ ቆመ። ሦስተኛው «ሙት ምን ፈርቶ ይዋሻል?» አለ። በሚቀጥለው ሐሙስ የቀረውን ስናይ ሁሉን በዓይኔ አይቻለሁ የሚለው እንጨት ቈራጭ አራተኛ ታሪክ አመጣ፤ እሱም ቢሆን የደበቀው ነገር ተገኘበት። ያን ጊዜ እርስ በርሳችን ተያየን። ለካ ሳምንቱን ሙሉ እያንዳንዳችን የተሟገትነው ለእውነት ሳይሆን ለወደድነው ሰው ነበር።

የሕንድን ፊልም እናውቃለን ብለን ነበር። የሳትያጂት ሬይ «ፓተር ፓንቻሊ» አለማወቃችንን አሳየን። በቤንጋል ገጠር ያሉ ሁለት ልጆች፣ ዱርጋና ወንድሟ አፑ፣ በረጅም ሣር ውስጥ ሮጠው ባቡር ሲያልፍ ያያሉ፤ ከዚያ ዝናብ ይመጣል፤ ዱርጋ በሽታ ይዟት ትሞታለች። ሬይ በካልካታ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ሥዕል ይሥል ነበር። በ1950 መሥሪያ ቤቱ ወደ ለንደን ላከው። እዚያ ሳለ ወደ መቶ የሚጠጉ ፊልሞች አየ፤ ከነዚህም አንዱ የጣሊያኑ የዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ነበር፤ እሱን ካየ በኋላ ፊልም ሠሪ ለመሆን ቈረጠ። ገንዘብ አልነበረውም፤ የሕይወት መድኑን አስይዞ ተበደረ፤ ሥራው ብዙ ጊዜ እየተቋረጠ ሦስት ዓመት ያህል ፈጅቶ በ1955 ወጣ። ካሜራውን የያዘው ሱብራታ ሚትራ ሥራው ሲጀመር የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበር፤ ከዚያ በፊት የፊልም ካሜራ አንቀሳቅሶ አያውቅም። ይህ ዕድሜ የእኛ ዕድሜ ነው። አንድ የማያውቁትን ፊልም ማየት ምን ያደርጋል ለሚሉን መልሳችን ይኸው ነው።

ከዚያ ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን መጣ። የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ በማርሴይ ወደብ ሸክም ይሸከም ነበር፤ በኋላም ልብ ወለድ ደራሲ ሆነ። ነገር ግን የጻፈላቸው ወገኖቹ አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም ነበርና ዐርባ ዓመት ሲጠጋው ወደ ሞስኮ ሄዶ ፊልም ተማረ። በ1963 የሠራው «ቦሮም ሳሬት» ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አንድ የዳካር ጋሪ ነጂ ጧት ከቤቱ ይወጣል፤ የሚሳፈሩት አብዛኞቹ አይከፍሉትም፤ አንድ አወዳሽ የአያቶቹን ስም እየጠራ ሲያሞግሰው ግን ያገኘውን ሁሉ ይሰጣል። በመጨረሻ ጋሪ ወደ ተከለከለበት የሀብታሞች ሰፈር አንዱን ሲያደርስ ፖሊስ ጋሪውን ይወስድበታል። ፊልሙ ሲያልቅ ከመካከላችን ጋሪ በሚበዛበት ከተማ ያደገው «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» አለ። አዝማሪ ባሞገሰው ጊዜ የኪሱን ያራገፈ አጎት የሌለው ማን አለ? ዳካርን አይተን አናውቅም፤ ሰውየውን ግን አወቅነው።

አሁን ስለ ጥፋታችን እንናገር። በኅዳር ወር የደረሰን የያሱጂሮ ኦዙ «የቶክዮ ታሪክ» ነበር፤ በ1953 የተሠራ ነው። ሽማግሌ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከሩቅ ከተማ ወደ ቶክዮ ይመጣሉ። ዐርባ ደቂቃ ያህል እንዳየን ሹክሹክታ ተጀመረ፤ ቀጥሎ የእጅ ስልክ ወጣ፤ ከዚያ አንዱ «ምንም አይሆንም እኮ!» አለ፤ ሁላችንም ተስማምተን አቋረጥነውና ያየነውን የአሜሪካ ፊልም እንደ ገና አየን። ባጭሩ ዕቁቡን በላነው። ለሁላችን ሻይ የሚገዛ ስንኳ አልነበረም፤ ሁላችንም አጥፍተናልና።

ከመካከላችን አንዱ ግን ፊልሙን ወስዶ ብቻውን ጨረሰው። ቅዳሜ ጧት ቁርስ ላይ የተናገረውን በፈቃዱ እንነግራችኋለን፤ ስሙን አንጠራም። «ዓምና አባቴ ሊጠይቀኝ መጣ» አለ። «ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ ነው የመጣው። ፈተና አለብኝ ብዬ በማግሥቱ ሸኘሁት። ፈተናው ገና ሦስት ሳምንት ይቀረው ነበር። ጫማውን እንዳታዩት አፍሬ ነው። ያመጣልኝን ቆሎ ስንበላ ከየት ነው ብትሉኝ ከመናኸሪያ ገዛሁ አልኋችሁ።»

ያን ቆሎ እኛ በልተነዋል። ጣፋጭ እንደ ነበረም እናስታውሳለን።

በሚቀጥለው ሐሙስ ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀምረን አየነው። ከሁለት ሰዓት ይበልጣል፤ የተነሣ አልነበረም። ልጆቹ ሐኪምና የውበት ሳሎን ባለቤት ናቸው፤ ክፉዎች አይደሉም፤ ሥራ በዝቶባቸዋል። በወላጆቻቸው ላይ ማንም አይጮኽም፤ በደሉ ሁሉ የሚፈጸመው በትሕትና ቃል ነው። የምትንከባከባቸው በጦርነት የሞተው ልጃቸው ሚስት ናት። ወደ አገራቸው እንደ ተመለሱ እናቲቱ ትሞታለች። ካሜራው ዝቅ ብሎ ነው የሚያየው፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በእናቱ ምድጃ አጠገብ ያለ ሰው በሚያይበት ቁመት። ባለፈው ሳምንት «ምንም አይሆንም» ያልነው ፊልም ውስጥ ሁሉ ነገር ሆኖ ነበር፤ ያልነበርነው እኛ ነን። ጓደኛችን ለገና አገር ቤት ሄዶ ተመለሰ። ከአባቱ ጋር ምን እንደ ተነጋገሩ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

በዐሥራ ሰባተኛው ሳምንት ደግሞ አንዲት እኅታችን የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» አመጣች። «የአገራችን ፊልም እንዴት እንግዳ ይሆናል? ሕጉ ፈርሷል» ብለን ጮኽን። እሷም ቀስ ብላ «ያየው እጁን ያንሣ» አለች። አንድ እጅ አልተነሣም። ፕሮፌሰር ኃይሌ በ1946 ጎንደር ተወልደው፣ በሎስ አንጀለስ የፊልም ትምህርት ሲማሩ ቆይተው፣ የዘውዱ መንግሥት በወደቀበት ዘመን ወደ አገራቸው መጥተው የሠሩት፣ በ1976 የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። አንድ ጭሰኛ ቤተ ሰብ ለባለ መሬቱ ሲያርስ፣ ሲያግድ፣ ሲሸከም ያሳያል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በዚያ ማታ ትርጉም አንባቢ አላስፈለገንም። ከተማ ያደግነው ግን እርሻው ረዘመብን። እርፍ ጨብጦ ያደገው ጓደኛችን «እርሻ እንዲህ ይረዝማል፤ ይህ ሰው ብቻ ነው ሳያሳጥር ያሳየኝ» አለ። የጃፓንና የቤንጋል ሰው ለማወቅ ስንደክም፣ አጠገባችን የሚተኛውን ልጅ ጉልበት ያን ቀን አወቅን።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «አገር በዚህ ሁሉ ችግር ላይ ሳለች ይህ ቅንጦት ነው» ይሉናል። ነቀፌታው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ነገ ተመርቀን መምህር፣ ሐኪም፣ ዳኛ ሆነን የምንሄደው ወደማናውቀው ሰው ዘንድ ነው። ንግግሩ የሚረዝምብን፣ ልማዱ የማይገባን፣ ጫማው የሚያሳፍረን ባለ ጉዳይ ከጠረጴዛችን ፊት ይቆማል። በጨለማ ተቀምጦ እንግዳን ሰው ሁለት ሰዓት መታገሥ ያቃተው በቢሮው ዐሥር ደቂቃ ይታገሠዋልን? ፊልም ደግ ሰው ያደርጋል አንልም፤ እኛንም እንዳላደረገን ዕቁቡን የበላን ቀን ታይቷል። ነገር ግን «አሰልቺ ነው» ከማለታችን በፊት «የሰለቸው ማን ነው?» ብለን እንድንጠይቅ አስለምዶናል።

አሁን ወደ ልመናችን እንምጣ። እስከ ዛሬ የተሰበሰብንባት ከመመገቢያ አዳራሽ ጎን ያለችው ክፍል ከሚመጣው ወር ጀምሮ ለዕቃ ትፈለጋለች። ትንሹ አዳራሽ ደግሞ ሰባቱንም ማታ ለኳስ እንዲሆን ሐሳብ እንደ ቀረበ ሰምተናል። እኛም ኳስ እንወዳለን፤ ከዘጠኛችን ስድስቱ በየእሑዱ ከእናንተ ጋር ስንጮኽ ታዩናላችሁ። የምንለምነው ከሰባቱ ማታ አንዱን፣ ሐሙስን ብቻ ነው። ይህ ካልሆነ ዕቁቡ ይፈርሳል፤ በመኝታ ክፍል ለመቀጠል ቦታው አይበቃም፤ ሊተኛ የሚፈልገውን ጓደኛ ማስቸገርም ደግ አይደለም።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። መጥታችሁ እንድታስተምሩን አይደለም፤ ስማችሁን በቆርቆሮው ውስጥ ጥላችሁ፣ ዕጣ ሲወጣላችሁ እናንተም ያላያችሁትን ፊልም ይዛችሁ እንድትመጡ፣ ከእኛም ጋር እንድትጠይቁ ነው። የአረብኛ፣ የፈረንሳይኛ ወይም የሌላ ቋንቋ ችሎታ ያለው ተማሪም በአንባቢነት ቢረዳን ደስ ይለናል።

ቆርቆሮው በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ወረቀትና እርሳስም አለ። ኮሚቴው ከፈቀደ የሚመጣው ሐሙስ በዐሥራ ሁለት ሰዓት በትንሹ አዳራሽ እንገናኛለን። የሚታየው ምን እንደ ሆነ ግን አንነግራችሁም፤ ዕጣ ከወጣለት ጓደኛችን በቀር እኛም አናውቀውምና።