ችግርና ጸጸት በዳኛ ፊት

ከኦሎምፒያ አካባቢ የደረሰን ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ወንድማችን እናታችን ከሞቱ በኋላ ጡረታቸውን ሲቀበል ቆይቶ በአታላይነት ተከሰሰ። ልጆቹ ተቸግረዋል፤ ዳኛው ያዝኑለት ይሆን?»

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 ለአታላይነት ቀላል እስራት፣ ሲከብድም እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ከመቀጮ ጋር ይደነግጋል። አንቀጽ 82 ደግሞ የቀድሞ መልካም ጠባይን፣ ከባድ ችግርንና እውነተኛ ጸጸትን ቅጣት ማቅለያ ያደርጋል። «ልጆች አሉኝ» የሚለው በስም አልተጠቀሰም፤ ሆኖም በአንቀጽ 86 ዳኛው ምክንያታቸውን ገልጸው ሊቀበሉት ይችላሉ። እንግዲህ ቤተሰቡ እንባ ብቻ ሳይሆን ማስረጃም ይያዝ።

ዑመር (ረ.ዐ) በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በዚያ በረሃቡ ዘመን፣ የሌብነትን ሐድ ማስቆማቸው የታወቀ ነው። ረሃቡን ከግምት አስገቡ እንጂ ሌብነትን ሐላል አላደረጉም። አንዳንዶቻችን «የመንግሥት ገንዘብ ነው» እንላለን። የጡረታ ፈንድ ግን ሠራተኛውና አሠሪው ያዋጡት የሰው ሐቅ ነው! ተውበቱም ያለ መመለስ አይሟላም። ሕጉም ቢሆን የጸጸት ምልክት ከሚላቸው አንዱ ጉዳትን መካስ ነው። ወንድማችሁ ከፍርዱ በፊት አቅሙ የፈቀደውን ያህል ይመልስ፤ ደረሰኙንም ለችሎቱ ያቅርብ። ዘካ ያለባችሁ ጎረቤቶቹም ልጆቹን እዩዋቸው።