ስለ መርፌ ጫፍ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የሳይንስ ክበብ ተማሪዎች ያደረጉት ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ መርፌ ልንናገር መነሣታችን ያስገርማችሁ ይሆናል። ነገር ግን በብዙዎቻችን ቤት ወገቡን ይዞ የሚያቃስት አለና ነገሩ የሁላችንም ነው።

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ሾልኮ ነርቭ ሲጫን ሕመሙ እስከ እግር ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ሐኪሞች ስቴሮይድ የተባለውን መድኃኒት በነርቩ አጠገብ በመርፌ ይሰጣሉ። መድኃኒቱ የነርቩን ቁጣ ለጊዜው ያበርዳል፤ ዲስኩን ግን ወደ ስፍራው አይመልስም።

አደጋው ከምን ይመጣል? በነርቩ አጠገብ ለኅብለ ሰረሰር፣ በአንገት በኩልም ለአንጎል ደም የሚያደርሱ የደም ሥሮች አሉ። እንደ ሜቲልፕሬድኒሶሎንና ትራያምሲኖሎን ያሉት ስቴሮይዶች ያልሟሙ ደቃቅ ቅንጣቶች አሏቸው። መርፌው ሳይታወቅ ወደ ደም ሥር ቢገባ ቅንጣቶቹ መንገዱን ሊደፍኑ ይችላሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከዚህ ሕክምና በኋላ አልፎ አልፎ የዓይን መጥፋት፣ ስትሮክ፣ ሽባነትና ሞት መድረሱን ገልጦ አስጠንቅቋል።

እንግዲህ ወደ መርፌው እንምጣ። ስለታም ጫፍ ሥጋን በቀላሉ ይወጋል፤ የደም ሥርንም እንደዚሁ። ዶልዶም ጫፍ ግን ሥሩን ገፋ አድርጎ የማለፍ ዕድል አለው፤ ፈጽሞ አይወጋም ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ ሐኪሙ በኤክስሬይ እያየ አስቀድሞ ቀለም ይረጫል፤ ሲስቡት ደም አለመምጣቱ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንምና። በአንገት በኩል ሲሆን ደግሞ ቅንጣት የሌለው ዴክሳሜታሶን ይመረጣል።

ንጽሕናም አይዘንጋ። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሻጋታ የተበከለ ስቴሮይድ ተወግተው ከ750 በላይ ሰዎች ታመዋል፤ ከነዚህም ከ60 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል። በዚያ ጊዜ ጥፋቱ የመርፌው ሳይሆን የመድኃኒቱ ዝግጅት ነበር።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ይህን የተናገርነው ልናስፈራችሁ አይደለም። ሕክምናው በሚገባ ሲሰጥ ከባድ ጉዳት የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። የምንለምናችሁ ሦስት ነገር እንድትጠይቁ ነው፤ መድኃኒቱ ምን ዓይነት ነው? መርፌውስ? ሐኪሙ ጫፉን በኤክስሬይ ያያልን? ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ጥያቄው ከመርፌው በፊት ይሁን።