ስለ ፖሊስነትና ስለ ጡረታው
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በቁሐር ሚካኤል አንድ ገበሬ ልጁ ፖሊስ ልሁን ቢለው አስቀድሞ የሚጠይቀው ደመወዙን ነው። ጡረታውን የሚጠይቅ እምብዛም የለም። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ስለ ተረሳው ጥያቄ ነው።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714፥ ለ10 ዓመት አገልግሎት የመጨረሻዎቹን 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ወሰነ። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25፥ ለፖሊስ 1.65 በመቶ ጨመረ፤ ጣሪያውም 70 በመቶ ነበረ። በዚህ ስሌት 25 ዓመት ያገለገለ ፖሊስ 54.75 በመቶ ሲደርሰው፥ እኩል ዘመን ያስተማረ መምህር 48.75 ይደርሰው ነበር። ሌሊት ቆሞ ለሚጠብቅና ሕይወቱን ለአደጋ ለሚሰጥ ሰው ይህ ብልጫ የሚገባው ነው።

ነገር ግን ወገኖቼ፥ የትንሽ ደመወዝ ግማሹም ትንሽ ነው። በማዕረግ ያላደገ ኮንስታብል በጡረታም አያድግም። ስለዚህ ወደዚህ ሙያ የሚገባ ወንድማችን ትምህርቱን አያቋርጥ። አዋጁም በ2014 ዓ.ም. በቁጥር 1267 ተተክቷልና፥ አዲሱን አንብቦ ይግባ። እኛም ለክረምት ወደ ወረታ ስንመለስ፥ ማንበብ ላልቻሉት አባቶቻችን እናስረዳ። የተማርነው ለዚህ ነውና።