ሳይለካ ፓምፕ አይለወጥ
(በተማሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አጎቴ ባለ ታክሲ ናቸው። መኪናቸው ዳገት ላይ እየታፈነ ቢያስቸግራቸው፣ አንድ መካኒክ ሳይለካ «ፓምፑ ሞቷል» ብሎ አስለወጣቸው። የሁለት ወር ገቢያቸው ወጣ፤ መኪናው ግን ያው ነበር። በኋላ ሲታይ ጥፋቱ የተደፈነ ፊልትሮ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ በሽታው እንዴት ይታወቃል? ቤንዚን በኢንጀክተር በሚረጭበት ተራ ሞተር ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ባር ነው፤ በካርቡራተር ግን ከግማሽ ባር እምብዛም አይበልጥም። ትክክለኛው ልክ ከመኪናው መጽሐፍ ይነበባል።

ግፊቱ ዝቅ ቢል፣ አስቀድሞ ፊልትሮውና ወደ ፓምፑ የሚደርሰው ቮልት ይመርመሩ፤ ፓምፑ የሚከሰሰው ከዚያ በኋላ ነው። ከፍ ቢል፣ ወደ ሰልባትዮው የሚመለሰው ቱቦ ተደፍኗል ወይም የግፊት መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል ማለት ነው። ሞተሩ እንደ ጠፋ ወዲያው ቢወርድ፣ የፓምፑ ቫልቭ፣ መቆጣጠሪያው ወይም ኢንጀክተሩ ያሳልፋል። መለኪያው ከመታሰሩ በፊት ግን በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ይልቀቅ፤ እሳትም ይራቅ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ የግምትን ዋጋ የሚከፍለው ባለ መኪናው ነው። በክረምት ዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ መለኪያውን ይዘን ለሰፈራችን መካኒክ እናሳየው።