በ1992 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ



ከአገራችን የሥነ ጽሑፍ ታሪክ አንድ ዓመት መርጠሽ ተናገሪ ስባል፣ ብዙዎቻችሁ 1958ን የጠበቃችሁ ይመስለኛል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙበትን። አርባ ምንጭ ላይ ቆሜ ግን 1992ን መዝለል አልቻልኩም።

ያን ጊዜ ይህች ከተማ የሰሜን ኦሞ ዞን ዋና ከተማ ነበረች። ወላይታ፣ ጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ አንድ ዞን ውስጥ ነበሩ። ቋንቋዎቻቸው ዘመዳሞች ናቸው፤ ጋሞኛ የሚናገር ሰው ወላይትኛ ሲወራ ብዙውን ይሰማል። ከዚህ በመነሣት ለአራቱም የሚሆን አንድ የመማሪያ ቋንቋ ተዘጋጀ። ስሙም ከአራቱ ስሞች መጀመሪያ ተገጣጥሞ «ወጋጎዳ» ተባለ። መጽሐፉ ታትሞ ትምህርት ቤት ገባ።

ሐሳቡ ከሞኝነት የመጣ ነው አልልም። አራት ዓይነት መጽሐፍ ከማሳተም አንድ ማሳተም ይረክሳል። ነገር ግን በዚያ ቋንቋ ልጇን የምታባብል አንዲት እናት አልነበረችም። ልጁ ሲያነበው የሚያውቀው ይመስለዋል፤ የቤቱ ግን አይደለም።

ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ። ሰው ሞተ፣ ብዙዎች ታሰሩ። በመማሪያ መጽሐፍ እኮ ነው! «የእኛ ሰው ለመጽሐፍ ግድ የለውም» የሚባለውን ስሰማ ሁልጊዜ ይህ ትዝ ይለኛል። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ በ1993 ዞኑ ተከፋፈለ፤ ጋሞኛም በራሱ ስም መማሪያ መጽሐፍ አገኘ።

ታዲያ ሐኪም ምን አገባት ትሉ ይሆናል። ሕመም የሚነገረው በቤት ቋንቋ ነው። ከጨንቻ ደጋ የወረዱ እናት በአማርኛ ሲጠየቁ «ሆዴን» ብለው ዝም ይላሉ። በጋሞኛ የጠየቃቸው እንደሆነ ግን የት እንደጀመራቸው፣ ወዴት እንደዞረ፣ ሌሊት ይባስባቸው እንደሆነ አንድ በአንድ ይነግሩታል። ከምርመራው ግማሹ እዚያ ውስጥ አለ። ጋሞ ውስጥም ቢሆን የዶርዜውና የቦንኬው አነጋገር አንድ አይደለም።

እኛስ የጤና ጽሑፍ የምናዘጋጀው እንዴት ነው? ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ጋሞኛ፣ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠን። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ይኼ ትንሽዬ ወጋጎዳ ነው። ቃሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን እቤት ውስጥ እንደዚያ ብሎ የሚያወራ የለም።

ማኅበራችን ለነፍሰ ጡሮች የሚሆን ትንሽ መጽሐፍ ለማሳተም ማሰቡ ደስ ብሎኛል። አንድ ልመና አለኝ፦ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ጨንቻም፣ ቦንኬም፣ ካምባም ወጥተን ለእናቶች እናንብብላቸው። እናቶቹ በራሳቸው አባባል መልሰው ሊነግሩን ያልቻሉት ገጽ አይታተም፤ እንደገና ይጻፍ። ጊዜ ይወስዳል፣ የመኪናና የአበል ወጪም አለው፤ በጀቱ ሲያዝ ይህ አብሮ ይያዝ። የቋንቋ ትምህርት ክፍል መምህራን ደግሞ አዳራሹ ውስጥ እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ ምሳ ላይ እፈልጋችኋለሁ።